ጫማና የሥራ ቀን



ውድ አድማጮቻችን፣ ዛሬ ስለ ጫማ እንነጋገራለን። «ኡስታዞች ስለ ሴት ጫማ ምን አገባቸው?» እንዳትሉን፤ ማታ ማታ እግራቸውን ለብ ባለ ውኃ የሚነክሩት የኛው ሚስቶችና እህቶች ናቸው። አንዲት አስተማሪ እህታችን «ፍላት ካደረግሁ ተማሪ ይንቀኛል» ብላ ቀኑን ሙሉ በታኮ ጫማ ትቆማለች።

ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ሰው ልብሱና ጫማው እንዲያምር መውደዱ ኩራት ይሆን እንደሆነ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በተጠየቁ ጊዜ፣ ኩራት ሐቅን አለመቀበልና ሰዎችን መናቅ መሆኑን አስረድተዋል። እንግዲያው ማማሩ አይነወርም፤ ንቀት ከመጣም ጥፋቱ የናቂው ነው።

ረጅም ታኮ የሰውነትን ክብደት ወደ ፊተኛው እግር ይገፋል፤ አፍንጫው ሹል ከሆነ ደግሞ ጣቶችን ያጣብቃል። ሆኖም ሶሉ እንደ ወረቀት የሳሳ ፍላትም አያሳርፍም። ሶሉ ወፈር ያለ፣ ፊቱ ሰፋ ያለ፣ ተረከዝን የሚይዝ ይሁን። ጥቁር ወይም ቡናማ ቆዳ ከአብዛኛው ቀሚስ ጋር ይሄዳል። ለዙሁር ውዱእ ቶሎ የሚወልቅ ቢሆን ደግሞ መልካም ነው።

እግር እየዋለ ስለሚያብጥ ከሰዓት በኋላ ግዙ፤ ሁለቱንም እግር ለኩ። ልብስ ሰፊ ዘንድ ስትሄዱም ያንኑ ፍላት አድርጉ፤ ለታኮ የተለካ ቀሚስ ደረጃ ላይ ይጠልፋል።