የጂማት አስተማሪ ከመቅጠራችን በፊት

ለወላጆችና ለወጣቶች ስብሰባ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በዚህ አዳራሽ ለተቀመጡት ለብዙዎቹ እንግዳ ነው። ጂማት ስለሚባል ፈተና ነው። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የጨረሱ ልጆቻችን በንግድ ሥራ አመራር ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ሲያመለክቱ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ፈተና ይጠይቃሉ። ባግሩቱን አልፈው፣ ፕሲኮሜትሪውን አልፈው፣ በሠራዊት አገልግለው፣ ዲግሪ ይዘው ሥራ ከጀመሩ በኋላ እንደገና ፈተና ሲባሉ መማረራቸው አይገርምም። ይሁን እንጂ በጀት በሚመደብበትና ሠራተኛ በሚቀጠርበት ወንበር ላይ ልጆቻችን እንዲቀመጡ የምንፈልግ ከሆነ ይህን በር ማወቅ አለብን።

ስለ ፈተናው ሁሉ አንናገርም። የምንናገረው ስለ አንዱ ክፍል፣ ማለትም ስለ መረጃ ትንተናው፣ እንዲሁም ለዚያ ክፍል የግል አስተማሪ ስለ መፈለግ ነው። የቤተሰብ ገንዘብ ያለ ውጤት ሲፈስ ያየነው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናስቀድም። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ፣ ሁሉም ኮሌጅ ጂማት አይጠይቅም። ስለዚህ ልጃችሁ ለአስተማሪ አንድ ሸቀል ከመክፈሉ በፊት ሊማርበት ወዳሰበው ትምህርት ቤት ጽፎ ይጠይቅ፤ ፈተናው ግዴታ ነው ወይ? ስንት ነጥብ ይፈለጋል? በምትኩ የሚቀበሉት ሌላ ፈተና ወይም የሥራ ልምድ አለ ወይ? መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል። በስልክ የተባለ ነገር በኋላ ማስረጃ አይሆንም።

ግዴታ ከሆነ ወደ ፈተናው እንግባ። ጂማት በኖቬምበር 2023 ተለውጧል። የቀድሞው ዓይነት በጃንዋሪ 2024 መጨረሻ ቀርቷል። አዲሱ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ ሒሳብ፣ ንባብና ዳታ ኢንሳይትስ የተባለው የመረጃ ትንተና። እያንዳንዱ 45 ደቂቃ ነው። የመረጃው ክፍል 20 ጥያቄዎች አሉት። ስለዚህ ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው ከሁለት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። በቀድሞው ፈተና ለዚህ የሚቀርብ ክፍል ከ2012 ጀምሮ ነበረ፤ 12 ጥያቄ፣ 30 ደቂቃ። ነጥቡ ግን ለብቻው ይጻፍ ስለነበር ከጠቅላላው ውጤት አይገባም ነበር። ብዙ ተማሪዎችም ችላ ይሉት ነበር። ዛሬ ግን ከሌሎቹ ሁለት ክፍሎች እኩል ይቆጠራል። ችላ ያለ ሰው የውጤቱን አንድ ሦስተኛ ችላ አለ ማለት ነው።

ወላጆች ይህን ለምን እንነግራችኋለን? እንግሊዝኛ ባታውቁም፣ ሒሳብ ባትማሩም፣ አስተማሪውን መፈተን እንድትችሉ ነው። ሦስት ጥያቄዎች ብቻ በዕብራይስጥ ጠይቁት። አንደኛ፣ የመረጃው ክፍል ስንት ጥያቄ በስንት ደቂቃ ነው? ሁለተኛ፣ ነጥቡ ከጠቅላላው ይደመራል ወይ? ሦስተኛ፣ በዚህ ክፍል ማስሊያ መሣሪያ ይፈቀዳል ወይ? ትክክለኛው መልስ 20 በ45፣ አዎን ይደመራል፣ አዎን በኮምፒዩተሩ ላይ ያለው ይፈቀዳል፣ በሒሳቡ ክፍል ግን አይፈቀድም የሚል ነው። 12 በ30 ብሎ የመለሰ ሰው የሚሸጥላችሁ አሮጌ መጽሐፍ ነው። ጂኦሜትሪ በማስተማር የሚጀምርም እንዲሁ፤ ጂኦሜትሪ ከአዲሱ ፈተና ወጥቷል። አንዳንዱ ደግሞ የራሱን የቀድሞ ውጤት አውጥቶ ያሳያል። የድሮው ጠቅላላ ነጥብ ከ200 እስከ 800 ሆኖ በዜሮ ያልቅ ነበር። የአሁኑ ከ205 እስከ 805 ሆኖ በ5 ያልቃል። በዜሮ የሚያልቅ ወረቀት ያሳየ ሁሉ መጥፎ አስተማሪ ነው አንልም፤ አዲሱን አጥንቶት እንደሆነ ግን መጠየቅ ተገቢ ነው።

በአገራችን መምህርን እንዲህ መመርመር እንደ ድፍረት ይታይ እንደነበር እናውቃለን። መምህር ሲናገር ተማሪም ወላጅም አቀርቅሮ ይሰማል። ነገር ግን ገበያ ወጥተን በሬ ስንገዛ ጥርሱን እናይ፣ እናራምደው፣ ትከሻውን እንዳስሰው አልነበረም? መምህርን ከበሬ ጋር ማመሳሰላችን አይደለም። ገንዘቡ የኛ ነው፣ ልጁም የኛ ነው ማለታችን ነው። እዚህ አገር በሰዓት የሚከፈለው ሰው ጥያቄ ቢጠየቅ አይከፋውም። የሚከፋው ካለ ደግሞ ቀድሞ መታወቁ መልካም ነው።

አሁን ወደ ክፍሉ ይዘት። ብዙ ሰው የመረጃ ትንተና ሲባል ከባድ ሒሳብ ይመስለዋል። ወጣቶች ያመጡልንን ልምምድ አብረን ስናይ ያገኘነው ሌላ ነው። ልጆቻችን የሚወድቁት በቁጥሩ ላይ ሳይሆን በቃሉ ላይ ነው። ጂማት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ለኛ ልጅ ይህ ከአማርኛና ከዕብራይስጥ ቀጥሎ ሦስተኛ ቋንቋ ነው። «ቢያንስ»፣ «ከቀሩት ውስጥ»፣ «ከእነዚህ መካከል በመቶ ስንት» የሚሉ ጥቃቅን ቃላት አንዱ ሲዘለል ስሌቱ ሁሉ ትክክል ሆኖ መልሱ ይሳሳታል። አንድ ጥያቄ ሦስት ንዑስ ጥያቄ ቢኖረውና ሁለቱ ቢመለሱ እንኳ ነጥብ የለም፤ ሦስቱም መመለስ አለባቸው።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። አንድ ፋብሪካ 40 ሠራተኞች አሉት። ከነዚህ ስንቱ ሴቶች ናቸው? አንደኛ መረጃ፤ ሴቶቹ ከወንዶቹ በ8 ይበልጣሉ። ሁለተኛ መረጃ፤ ከሴቶቹ ግማሾቹ በሌሊት ይሠራሉ። ፈተናው የሚጠይቀው የሴቶቹን ቁጥር አይደለም። የትኛው መረጃ ለመመለስ ይበቃል ነው የሚለው። የመጀመሪያው ብቻውን ይበቃል፤ ሁለተኛው አይበቃም። 24 ሴቶች እንደሆኑ ማስላት ይቻላል፤ ግን ማንም አልጠየቀም፣ ጊዜም ይበላል። መልካም አስተማሪ «ይበቃል ካልህ እጅህን አንሣ፣ ወደሚቀጥለው ሂድ» ብሎ ያሠለጥናል። ሁሉን እስከ መጨረሻ የሚያሰላ አስተማሪ ሒሳብ አዋቂ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ክፍል ግን አይጠቅምም።

ሌሎቹ ጥያቄዎች ሠንጠረዥ ማንበብ፣ ግራፍ ማንበብ፣ ከሁለትና ከሦስት ጽሑፎች የተበታተነ መረጃ አገናኝቶ መፍረድ፣ እንዲሁም ሁለት መልስ በአንድነት የሚፈልጉ ናቸው። እዚህ ላይ የሚያስቱት መቶኛዎች ናቸው። አንድ ሱቅ ሽያጩ ከ10 ወደ 20 ቢያድግ መቶ በመቶ አደገ ይባላል። ሌላው ከ200 ወደ 250 ቢያድግ 25 በመቶ ነው። በመቶኛ የመጀመሪያው ይበልጣል፤ በቁጥር ግን ሁለተኛው 50 ሲጨምር የመጀመሪያው የጨመረው 10 ብቻ ነው። ይህ ትምህርት ለፈተና ብቻ የሚሆን አይመስለን። በየጊዜው ስለ ማኅበረሰባችን ግራፍ ይዘው መጥተው ይህን ያህል በመቶ ተሻሻለ የሚሉን አሉ። ከማን በመቶ? ከስንት ተነሥቶ? ብሎ በዚያው ስብሰባ ላይ የሚጠይቅ ሰው ከመካከላችን ያስፈልጋል።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ እንነጋገር። አስተማሪዎች 20 ሰዓት ጠቅልላችሁ ክፈሉ፣ ቅናሽ እናደርጋለን ይላሉ። በሰዓት 200 ሸቀል ቢሆን 4,000 ሸቀል መሆኑ ነው። አንድ የሰፈራችን ወጣት እንዲህ ከፍሎ በሦስተኛው ሰዓት አስተማሪው እንደማይሆነው ተረዳ፤ የቀረውን ገንዘብ ግን ማስመለስ አልቻለም። ስለዚህ አስቀድሞ አንድ የሙከራ ትምህርት፣ ሺዑር ኒሳዮን፣ ይጠየቅ። ከዚያም አራት ሰዓት ብቻ ይከፈል፣ ደረሰኝም ይያዝ። ነጥብህን በ100 ከፍ አደርጋለሁ ብሎ የሚምልን ሰው አትመኑት፤ ተማሪውን ሳያይ ከየት አወቀው?

በሙከራው ሰዓት ተማሪው ባዶ እጁን አይሂድ። የተሳሳታቸውን አሥር ጥያቄዎች ይዞ ይሂድ። አስተማሪው ወዲያው ትክክለኛውን መንገድ ማስረዳት ከጀመረ ጥሩ ምልክት አይደለም። በመጀመሪያ «ይህን መልስ ለምን መረጥህ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ስሕተቱ ካለማወቅ ነው? ቃል ከመዝለል ነው? ወይስ ጊዜ አልቆ በግምት የተመለሰ ነው? የሦስቱ መድኃኒት ይለያያል። ቃል የሚዘልለው ልጅ ምናልባት የሚያስፈልገው ርካሽ የእንግሊዝኛ ንባብ አስተማሪ ነው እንጂ ውድ የጂማት ባለሙያ አይደለም። ይህን በግልጽ የሚነግራችሁ አስተማሪ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

ፈተናውን የሚያዘጋጀው ድርጅት ሁለት ሙሉ የልምምድ ፈተናዎች በነፃ ይሰጣል። ወጣቶች በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱንም ትጨርሳላችሁ። እንዲህ አታድርጉ። አንዱን አስተማሪ ከመፈለጋችሁ በፊት ውሰዱ፣ ድክመታችሁን እወቁ። ሁለተኛውን ከጥቂት ሳምንታት ትምህርት በኋላ ውሰዱ። የመረጃው ክፍል ነጥብ ካልተንቀሳቀሰ ከአስተማሪው ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው፤ መልስ ከሌለው መለወጥ ነው። ዋናው ፈተናም አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ከ16 ቀን በኋላ እንደገና ይወሰዳል፣ በ12 ወር ውስጥ እስከ 5 ጊዜ ይፈቀዳል። ነገር ግን በየጊዜው ስለሚከፈልበት ለመሞከር ያህል ብሎ መግባት አያዋጣም።

ከሠራዊት የወጣችሁ ፒካዶናችሁን አስቡ። ከ1994ቱ ሕግ ጀምሮ ለተሰናባች ወታደሮች የሚቀመጠው ይህ ገንዘብ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ትምህርትን ለመሳሰሉ ለተወሰኑ ጉዳዮች ይወጣል። ከ5 ዓመት በኋላ የቀረው ለፈለጋችሁት ይሆናል። ሁሉን በመኪና ከመጨረስ ጥቂት ማስተረፍ ይቻላል። ወላጆች በዚህ ላይ ሲያጨበጭቡ አይተናል፤ ወጣቶችም ሲስቁ።

የመጨረሻው አሳባችን ወንፈል ነው። ወላጆቻችሁ እርሻ በተራ ይተራረሱ ነበር። እናንተም ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ ተሰብሰቡ። አንዱ ሠንጠረዡን፣ አንዱ ግራፉን፣ አንዱ «ይበቃል አይበቃም» የሚለውን አጥንቶ ለሌሎቹ ያስረዳ። ሳይገባችሁ የቀረውን ብቻ ሰብስባችሁ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ለአስተማሪ አቅርቡ፣ ክፍያውንም ተካፈሉ። የአንድ ሰው ወጪ ለአራት ሲካፈል አስተማሪውም ጥሩውን መምረጥ ይቻላል።

ሦስቱን ጥያቄዎች በዕብራይስጥ ጽፈን አባዝተናል። ወላጆች ስትወጡ ከበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ውሰዱ። የመጀመሪያውን ነፃ ፈተና የወሰዳችሁ ወጣቶች ስሕተታችሁን የጻፋችሁበትን ደብተር ይዛችሁ ወደ ፊት ኑ፤ ቡድኖቹን ዛሬውኑ እንመድባለን።