«ጠቅ» ብሎ የሚቀር ባጃጅ፦ ያገለገለ ተሽከርካሪ የሞተሪኖ ብልሽት አመረማመር



ያገለገለ ባጃጅ ጠዋት አልነሣ ሲል ምን ይደረጋል የሚለው ጥያቄ ለፋኩልቲያችን የሕዝብ ገለጻ ያነሰ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ርእሱን የመረጥሁት ራሴ ስለ ተሳሳትሁበት ነው።

የእህቴ ልጅ ያገለገለ ባጃጅ ገዝቶ እዚሁ አዳማ፣ በፍራንኮ አካባቢ ይሠራ ነበር። አንድ ጠዋት ቁልፉን ሲያዞር ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ዝም አለበት። መብራቱ ይበራል፤ ክላክሱም ይጮኻል። ደወለልኝና «ጋሼ፣ እርስዎ የኤሌክትሪክ ሰው አይደሉ? ምን ላድርግ?» አለኝ። እኔም ሳላይና ሳልለካ፣ በስልክ፣ «ባትሪው ነው» ብዬ ፈረድሁ። አዲስ ባትሪ ገዛ፤ ባጃጁም ተነሣ። ከአራት ቀን በኋላ ግን ያው «ጠቅ» ተመለሰ። አሁን ደግሞ ጋራዥ ወሰደው፤ እዚያም «ሞተሪኖው ሞቷል» ተባለና ተቀየረ። ዳግመኛም ተነሣ፣ ዳግመኛም ሳምንት ሳይሞላው ቆመ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ቴስተር ይዤ ሄድሁ። ጥፋቱ የተገኘው የባትሪው የማሳ ኬብል ከሻንሲው ጋር በሚታሰርበት ቡሎን ሥር ነው። ሻጩ ተሽከርካሪውን ለገበያ ሲያሳምር ሻንሲው ቀለም ተቀብቶ ኖሮ፣ የኬብሉ ጫፍ የታሰረው በቀለምና በዝገት ላይ ነበር። መፍትሔው አንድ ቁራጭ የብርጭቆ ወረቀት ሆነ። ልጁ ግን የባትሪና የሞተሪኖ ዋጋ ከፍሏል፤ ሥራ የፈታባቸው ቀኖችም አልተመለሱለትም።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሁለቱም የተሳሳቱ ጥገናዎች ለጊዜው ሠርተዋል። ባትሪ ሲቀየርም፣ ሞተሪኖ ሲፈታም የማሳው ኬብል ይነቀነቃል። ያ ነቅነቅታ ዝገቱን ትንሽ ይፍቀውና ከረንት ለጥቂት ቀን ያልፋል። ስለዚህ «ቀየርሁት፣ ተነሣ» ማለት «ጥፋቱ እርሱ ነበር» ማለት አይደለም። በቤተ ሙከራ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ተማሪ ውጤቱን እንደማንቀበለው እናውቃለን፤ በጋራዥ ግን እኔው ራሴ ተቀብዬዋለሁ።

ሞተሪኖ ለምን ይህን ያህል ለመገጣጠሚያ ስሱ ሆነ? ነገሩ ከጥንስሱ ይጀምራል። በቻርልስ ኬተሪንግ የተሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ እ.ኤ.አ. በ1912 የካዲላክ መኪና ላይ ለገበያ ሲቀርብ፣ የመሐንዲሱ ብልሃት አንድ ነበር፤ ሞተሪኖ የሚሠራው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ስለሆነ፣ ለረጅም ጊዜ ሊሸከመው የማይችለውን ከረንት ለአጭር ጊዜ ሊሸከም ይችላል። እርሱ ቀደም ሲል ለገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን ትንሽ ሞተር ሲሠራ የተማረው ይህንኑ ነበር። ባጃጅም ሆነ ባለ አራት ጎማው ኳድ ሞተር ሳይክል ዛሬ የሚነሡት በዚሁ ብልሃት ነው፤ ዋጋው ደግሞ ከፍተኛ ከረንት ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። የቆመ ሞተሪኖ ውስጣዊ ሬዚስታንስ 0.1 ኦም ነው እንበል። ከ12 ቮልት ባትሪ 120 አምፔር ይስባል፤ ሞተሩንም ያዞረዋል። አሁን በማሳው ቡሎን ሥር ሌላ 0.1 ኦም ጨምሩበት። ከረንቱ ወደ 60 ይወርዳል፤ 6 ቮልት ቡሎኑ ላይ ይቀራል፤ የማዞር ጉልበቱም በግማሽ ስለሚቀንስ የፒስተኑን እመቃ ማሸነፍ ያቅተዋል። ሶሌኖይዱ ግን የሚፈልገው ጥቂት አምፔር ስለሆነ «ጠቅ» ማለቱን አይተውም። በዚያው ቡሎን የሚያልፈው የ5 ዋት አምፖል 0.4 አምፔር ገደማ ብቻ ይወስዳል፤ የሚያጣው 0.04 ቮልት ነው፤ ዓይን አይለየውም። «መብራቱ ይበራል፣ ስለዚህ መስመሩ ደኅና ነው» የሚለው የተለመደ ክርክር የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።

በኦም መለካትም አያድንም። የርካሽ ቴስተር ሽቦዎች ብቻቸውን 0.2 ወይም 0.3 ኦም ያሳያሉ፤ ይህ ከምንፈልገው ጥፋት ይበልጣል። የቴስተሩ ጩኸትማ ከዚያ እጅግ ለሚበልጥ ሬዚስታንስም ይጮኻል። ስለዚህ መለካት ያለብን ቮልት ነው፤ የምንለካውም ሞተሪኖው እየሳበ ሳለ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማርሹ ፎሌ ላይ ይሁን፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ። ካንዴላው ቆብ ወጥቶ ከማሳ ጋር ይገናኝ፤ ሞተሩ ድንገት እንዳይነሣ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ እርሳስ ራስ ላይ አድርጉ፤ በማሰሪያው ላይ ሳይሆን በእርሳሱ ላይ። ሌላውን ጫፍ በሞተሪኖው ባዶ ብረት አካል ላይ። ረዳታችሁ ቁልፉን ከአምስት ሰከንድ ለማይበልጥ ጊዜ ያዙር። ንባቡ ከ0.2 እስከ 0.3 ቮልት ከሆነ ማሳው ደኅና ነው። እኛ ያገኘነው ከ5 ቮልት በላይ ነበር። ከዚያ መንገዱን መሐል ላይ እየከፈሉ መሄድ ነው፤ ከእርሳሱ እስከ ማሰሪያው፣ ከማሰሪያው እስከ ኬብሉ ጫፍ፣ ከኬብሉ ጫፍ እስከ ሻንሲው፣ ከሻንሲው እስከ ሞተሪኖው። ቮልቱ ያለበት ቦታ ጥፋቱ ነው። የፖዘቲቩም ወገን በዚሁ ዓይነት ይለካል። ከተደጋጋሚ ሙከራ በኋላ መገጣጠሚያው በእጅ ሲነካ ከሞቀ ደግሞ ቴስተር የሌለው ሰውም ምስክር አገኘ ማለት ነው።

ባትሪው ራሱ የሚጠየቀው በሁለት ቁጥር ነው። ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ ሊያሳይ፣ ሞተሪኖው ሲስብ ደግሞ ከ9.6 በታች ሊወርድ አይገባም። ከወረደ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም የሞተሪኖው ጥቅልል ሾርት አድርጓል፣ ወይም ሞተሩ ራሱ ተይዟል። አንድ «ጠቅ» ሳይሆን ተከታታይ «ጠጠጠጠ» ከሰማችሁ ብዙውን ጊዜ የተራበ ባትሪ ነው። ሞተሪኖው ብቻውን እየጮኸ ሞተሩ ካልዞረ ቤንዲክሱ አልያዘም። አካሉ ቀስ ብሎ ሲመታ የሚነሣ ከሆነ ካርቦኑ አልቋል። ምንም ድምፅ ከሌለ ፊውዙንና የማስነሻ ቁልፉን ተመልከቱ፤ ብዙ ኳዶች ፍሬን ሳይያዝ እንደማይነሡም አትርሱ።

መካኒኮቻችን ሶሌኖይዱን በካቻቢቴ ያገናኙታል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ሲያዩ ይዘገንናቸዋል። እኔ ግን ትክክለኛ ሙከራ ነው እላለሁ፤ ሶሌኖይዱን ከወረዳው አውጥቶ ቀሪውን ይጠይቃል። ችግሩ ብልጭታው ነው፤ ቤንዚንና የባትሪ ጋዝ ባለበት ቦታ አደገኛ ነው። ሥራውን የሚያውቁት በእጅ ነው፤ ቃላቱም ሞተሪኖ፣ ማሳ፣ ካንዴላ፣ ፎሌ፣ ካቻቢቴ ናቸው፤ ሁሉም ከጣልያንኛ የተወረሱ። የእኛ ተማሪ ደግሞ ያንኑ ወረዳ በእንግሊዝኛ ይስለዋል። ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ቃል አይሰማም፤ ባጃጁም ቆሞ ያድራል። ይህ ከቋንቋ ጉዳይ በላይ የሥርዓተ ትምህርታችን ጉድለት ይመስለኛል።

ስለ አካባቢያችን ጥቂት ልጨምር። ከሞጆ እስከ ባቱና ሻሸመኔ ያለው የስምጥ ሸለቆ አቧራ ደቃቅ ነው፤ በተፈታ ማሰሪያ ሥር ይገባል፤ ካርቦኑንም ይበላል። የቆላው ሙቀት የባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል፤ በተለመደው ግምት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ዕድሜው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ውኃውም አለ። የሸለቆው የከርሰ ምድር ውኃ በፍሎራይድና በሟሙ ጨዎች የበለጸገ መሆኑን ከወንጂ ሰዎች ጥርስና አጥንት አውቀናል። ያንኑ የጉድጓድ ውኃ ባትሪ ውስጥ የሚጨምር ሰው በየቀኑ አያለሁ። በውኃው ያሉት ባዕድ ጨዎች ባትሪው ሳይሠራ በራሱ እንዲያልቅ ያደርጉታል። የተጣራ የባትሪ ውኃ ዋጋ ከአዲስ ባትሪ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

የእህቴ ልጅ የተቀየረውን አሮጌ ሞተሪኖ ከጋራዡ አስመልሶ አምጥቶልኛል። ከባትሪ ጋር በቀጥታ ባገናኘው ዞረ፤ ምንም አልነበረበትም። እነሆ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው እርሱ ነው።

ባጃጁ ደግሞ ከአዳራሹ በስተጀርባ ቆሟል። ሆን ብዬ አንድ ጥፋት አስገብቼበታለሁ፤ መብራቱ ይበራል፣ ክላክሱም ይጮኻል። ያለን ቴስተር ሁለት ብቻ ስለሆነ አራት አራት ሆናችሁ ቅረቡ። ከመለካታችሁ በፊት ምንም ቡሎን እንዳትነኩ።