ከወደቀች በኋላ ያለው ምሽት
(በአባላት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ውድ እኅቶቼ፣ የተከበራችሁ ደጋፊዎቻችን፤

የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚለቀቅበትን ቀን ሁላችንም እናውቀዋለን። በ2015 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት 845 ሺህ ያህል ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። ከመቶ ተፈታኝ ከ90 በላይ የሚሆነው አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ገባ ማለት ነው።

ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ምሽት ነው። ወንዱ ልጅ ሲወድቅ «አይዞህ፣ ድገመው» እንለዋለን። ሴቷ ስትወድቅ ግን «በቃ፣ ሱቅ ትቀመጥ» ወይም «ትዳር ትያዝ» እንላለን። እኔም ብያለሁ። ልጄ ውጤቷን ባየች ዕለት «ትምህርት የአንቺ እንጀራ አይደለም መሰለኝ» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። ደብተሮቿን ሰብስባ ከአልጋ ሥር አስገባቻቸው። ይቅርታ ለመጠየቅ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

እኅቶቼ፣ ጽናት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ከመካከላችን ከቶጎ ውጫሌ ዕቃ አምጥታ ከስራ፣ ብድሯን ከፍላ እንደገና የጀመረች አለች። ሀግባዳችንንም ተመልከቱ። ዕጣ መጀመሪያ የወጣላትም፣ መጨረሻ የሚደርሳትም እኩል በየሳምንቱ ትጥላለች። ጥናትም እንደዚሁ ነው። የፈተና ሰሞን ሌሊቱን ሙሉ ከማንጋት በየቀኑ አንድ ሰዓት ይበልጣል። ይህን የምናውቀውን ለልጆቻችን አላስተማርናቸውም።

ደራርቱ ቱሉን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አገኘች። በ1996 በአትላንታ አራተኛ ወጣች። ከዚያም ልጅ ወልዳ ተመልሳ በ2000 በሲድኒ እንደገና ወርቅ ወሰደች። ከአትላንታ በኋላ «ጊዜሽ አልፏል፣ ቤትሽ ተቀመጪ» የሚላትን ብትሰማ ኖሮ ሲድኒን ባላየን ነበር።

ጽናት ግን ያለ ፍቅር አይዘልቅም። ልጄ ፍየል ስታምጥ አጠገቧ ቁጭ ብላ የምታድር ናት። ያ ትምህርት እንደሆነ፣ እዚሁ ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና እንደሚሰጥ የነገራት አልነበረም። እኔ የምጠይቃት «ስንተኛ ወጣሽ?» ብቻ ነበር። «ዛሬ ምን ደስ አለሽ?» ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ነገር ልበል። ጽናት መጽሐፍን አይተካም። ልጆቻችን በታችኛው ክፍል በሶማሊኛ ተምረው 9ኛ ክፍል ሲደርሱ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ያገኙታል። ሴቷ ደግሞ ውሃ ቀድታ፣ እራት ሠርታ፣ ታናናሾቿን አስተኝታ ነው ደብተር የምትከፍተው። እንዲህ ደክማ የወደቀችውን «ሰነፍ» ማለት ግፍ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፣ ማንኛችንም ልጃችን አንድ ጊዜ ወደቀች ብለን ከትምህርት አናስቀራት፤ ቢያንስ አንድ ዓመት እንስጣት። ሁለተኛ፣ በየቤታችን ማታ አንድ ሰዓት የእሷ ይሁን፤ በዚያ ሰዓት ጀሪካኑን ወንድሟ ይያዝ። ሦስተኛ፣ የማኅበራችን ክፍል ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ለጥናት ይከፈት፤ ደጋፊዎቻችን የእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍትና መብራት ይርዱን።

ልጄ ደብተሮቿን ከአልጋ ሥር አውጥታለች። በግል ተመዝግባ እንደገና ተፈትናለች፤ ውጤቱን እየጠበቅን ነው። ምንም ይምጣ፣ በዚያ ምሽት ምን እንደምላት አሁን አውቃለሁ።

ሶማሌ «አቆን ላአን ዋ ኢፍቲን ላአን» ይላል፤ እውቀት ማጣት ብርሃን ማጣት ነው። መብራቱን እኛው በእጃችን አናጥፋው።