ዕጩው ከላይ ሲወርድ መራጩ የት ነበር?

(ይህ ጽሑፍ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ወጣቶች በተገኙበት ስብሰባ ላይ በቃል ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለጋዜጣው እንዲመች ጥቂት ቦታ አሳጥሬዋለሁ።)

በቅድሚያ ከሱሉልታ እንጦጦን ወርዳችሁ፣ ከቡራዩ በአስኮ በኩል ዞራችሁ፣ ሁለት ሦስት ታክሲ ቀይራችሁ እዚህ ሰበታ ድረስ የመጣችሁትን አመሰግናለሁ። ሦስቱ ከተሞች ጎረቤት ናቸው ይባላል እንጂ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ አዲስ አበባን ሰንጥቆ ማለፍ የግድ ነው። ፖለቲካችሁም እንደ ታክሲያችሁ ነው። የሰፈራችሁ ጉዳይ ሌላ ቦታ ሳይዞር አይደርስም።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ “ለምርጫ እንዴት እንዘጋጅ” የሚል ነው። የጠበቁት ስለ ምርጫ ካርድ እንድናገር ይመስለኛል። እሱ አጭር ነው። በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት 18 ዓመት የሞላው፣ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ ኢትዮጵያዊ ይመዘገባል፤ ካርዱን ይይዛል፤ በቀኑ ይመርጣል። ቀን መርካቶ ውሎ ማታ ቡራዩ የሚገባ ሰው የሚመዘገበው ቡራዩ ነው። ለመወዳደር ደግሞ 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። አለቀ። ይህን ማንም ይነግራችኋል። እኔ ዛሬ ላወራ የመጣሁት ካርዱ እጃችሁ ከመግባቱ በፊት ስለሚያልቀው ምርጫ ነው።

ከሦስቱ ከተሞች በአንዱ የሚኖር አንድ መምህር አውቃለሁ። ስሙንም፣ ከተማውንም፣ ፓርቲውንም አልናገርም። ገዢ ይሁን ተቃዋሚ ለዛሬው ጉዳይ ለውጥ የለውም። ይህ ሰው በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ለመወዳደር አሰበ። የእድሩ ጸሐፊ ነው፤ ውኃ ሲጠፋ አቤት ለማለት ከፊት የሚሄድ እሱ ነው፤ የፓርቲ መዋጮውንም በወቅቱ ይከፍላል። ዕጩዎች ይመረጣሉ ተብሎ አባላት ሲጠሩ አብሬው ሄድኩ። ጋዜጠኛ መሆኔን ስላወቁ “ከኋላ ተቀመጥ፣ መቅረጸ ድምፅ እንዳታወጣ” ብለው አስገቡኝ። ለሦስት ሰዓት የተጠራው ስብሰባ አምስት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ሰብሳቢው ስለ ወቅታዊው የአገራችን ሁኔታ ሰፊ ማብራሪያ ሰጠ። ሻይ ቡና ሆነ። ከዚያ ከኮቱ ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ የዕጩዎቹን ስም አነበበ። የመምህሩ ስም የለም። ከተነበቡት አንዱን ደግሞ አዳራሹ ውስጥ የሚያውቀው አልነበረም። አንዲት እናት እጃቸውን አወጡና፣

“ልጄ፣ ይኼ ሰው ማነው? የት ሰፈር ነው የሚኖረው?” አሉ።

“እማማ፣ ዕጩው ከላይ ወርዷል” አለ ሰብሳቢው። አጨበጨበ። አዳራሹም አጨበጨበ። መምህሩም አጨበጨበ። ምን ያድርግ?

ዝናብ ከላይ ይወርዳል፤ እሱ ይገባኛል። የሕዝብ እንደራሴ ግን እንዴት አድርጎ ነው ከላይ የሚወርደው? በሌላው ዓለም ይህን ጉዳይ የሚፈቱበት መንገድ አለ። ከዋናው ምርጫ ቀደም ብሎ የፓርቲው አባላት ወይም ደጋፊዎች ተሰልፈው “በእኛ ስም የሚወዳደረው ይሄኛው ይሁን” ብለው ድምፅ ይሰጣሉ። የመጀመሪያ ደረጃ ምርጫ ይባላል። እኛ የዕጩ ምርጫ እንበለው። ለእኛ አገር ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ከማንም አገር ይልቅ ለእኛ ያስፈልጋል ባይ ነኝ። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

የእኛ አገር ምርጫ ታሪክ የዕጩ ማጥለያ ታሪክ ነው። በንጉሡ ዘመን፣ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ በ1949/50 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫ ሲካሄድ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። ማጥለያው ንብረት ነበር። በምርጫ ወረዳው ንብረት የሌለው ሰው አይወዳደርም። ድሃው ይመርጣል፤ አይመረጥም። ደርግ በ1979 ዓ.ም. 835 መቀመጫ ላለው ብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ሲያደርግ ንብረቱን አነሳና በቦታው ጠቋሚ አስቀመጠ። ለአንድ ወንበር እስከ ሦስት ዕጩ ይቀርባል። ጠቋሚዎቹ ግን ኢሠፓ፣ የብዙኃን ድርጅቶቹና ጦሩ ናቸው። ከሦስቱ የፈለጋችሁትን ምረጡ፤ ሦስቱንም መርጠንላችኋል! ኢሕአዴግ ሲመጣ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የተቃዋሚ ምልክት ገባ። በ1997 ዓ.ም. ሕዝቡ ምርጫው የእውነት ነው ብሎ ወጣና ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ ጠቀለለ። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ የሰልፉን ርዝመት ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። በ2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 547ቱንም ወሰዱ።

አሁን ወደ እናንተ ደጃፍ ልምጣ። ኦሮሚያ በተወካዮች ምክር ቤት 178 መቀመጫ አለው። በ2013 ዓ.ም. ኦፌኮና ኦነግ “መሪዎቻችን ታስረዋል፣ ጽሕፈት ቤቶቻችን ተዘግተዋል” ብለው ከምርጫው ወጡ። በብዙ የምርጫ ክልል ብልጽግና ብቻውን ተወዳደረ። እስቲ አስቡት። ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ፓርቲ ከሆነ ሰኔ 14 ቀን ተሰልፋችሁ የሰጣችሁት ድምፅ ምን ወሰነ? ማን እንደራሴ እንደሚሆን የተወሰነው ቀድሞ ነው፤ ያ ወረቀት ከኮት ኪስ ውስጥ ተጣጥፎ ሳለ። እውነተኛው ምርጫ እዚያ ተካሂዶ አልቋል። እናንተ አልነበራችሁም።

ይህ ነገር በእኛ የተጀመረ አይደለም። በአሜሪካ ደቡብ ክፍል፣ ለምሳሌ በቴክሳስ፣ ለረጅም ዘመን የሚያሸንፈው ዴሞክራቲክ ፓርቲ ብቻ ነበር። ስለዚህ በፓርቲው ውስጥ ዕጩ ሆኖ የተመረጠ ሰው እንዳሸነፈ ይቆጠራል። ነጮቹ ይህን አወቁና እ.ኤ.አ. በ1923 ጥቁሮች በዴሞክራቶች የዕጩ ምርጫ እንዳይሳተፉ በሕግ ከለከሉ። በዋናው ምርጫ ግን ምረጡ፣ ማን ከልክሏችሁ! ፍርድ ቤት ሕጉን በ1927 ሻረው። ፓርቲው ምን አለ? “እኛ የግል ማኅበር ነን፤ አባላችንን የምንመርጠው ራሳችን ነን” አለና ክልከላውን በራሱ ደንብ ቀጠለ። በ1935 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ ይህን ተቀብሎት ነበር። ሎኒ ስሚዝ የተባለ የሂውስተን ጥቁር የጥርስ ሐኪም ከሰሰ፤ ከጠበቆቹ አንዱ ኋላ የመጀመሪያው ጥቁር የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆነው ተርጉድ ማርሻል ነበር። በ1944 ፍርድ ቤቱ የራሱን ውሳኔ ገለበጠ። የዕጩ ምርጫ የምርጫው አካል ነው፤ ፓርቲ የግል ማኅበር ነኝ ብሎ ሰውን ከዚያ ማስወጣት አይችልም አለ።

“የፓርቲያችን የውስጥ ጉዳይ ነው” የሚለውን አነጋገር እኛም ስንት ጊዜ ሰምተነዋል! ግን የእኛ ሕገ መንግሥት ራሱ ምን ይላል? አንቀጽ 38ን ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው ስለ መምረጥና መመረጥ ነው። ንዑስ አንቀጽ 3ን የሚያነብ የለም። በፖለቲካ ድርጅቶች ውስጥ ለኃላፊነት ቦታ የሚካሄድ ምርጫ ነፃና ዴሞክራሲያዊ በሆነ መንገድ መፈጸም እንዳለበት ይደነግጋል። እርግጥ አንድ የሕግ ሰው “ይህ ስለ ድርጅቱ መሪዎች ነው እንጂ ስለ ፓርላማ ዕጩ አይደለም” ብሎ ሊከራከረኝ ይችላል። ይከራከረኝ። የፓርቲው ሊቀ መንበር በነፃ ምርጫ ይመረጥ ተብሎ፣ አገር የሚገዛው ሰው ግን በታጠፈ ወረቀት ይምጣ ማለት የትኛው ሕግ ነው?

ገዢው ፓርቲ ላይ ብቻ ብጮህ ታጨበጭቡልኝ ነበር። ተቃዋሚው ግን ከዚህ ነፃ ነው ወይ? ያ ሁሉ ሕዝብ ያለቀሰለት ቅንጅት መሪዎቹ ከእስር ሲወጡ እርስ በርስ ተጣሉና በ2000 ዓ.ም. ስሙን ምርጫ ቦርድ ለእነ አየለ ጫሚሶ ሰጠው። በ2007 ዓ.ም. አንድነትም መኢአድም በመሪ ጥያቄ ተከፈሉና ቦርዱ አንዱን ወገን መርጦ ማኅተሙን አስረከበ። ቦርዱን ወቅሰናል፤ ያውም በሚገባ! ነገር ግን የአባላቱ ድምፅ በማያሻማ መንገድ ተቆጥሮ ቢሆን ኖሮ ቦርዱ የሚገባበት ቀዳዳ ይጠብ ነበር። አዋጁ አንድ አገር አቀፍ ፓርቲ ለመመዝገብ 10 ሺህ፣ ክልላዊ ፓርቲ ደግሞ 4 ሺህ መሥራች አባል ይጠይቃል። ለምዝገባ ሲሆን አሥር ሺህ ፊርማ ይሰበሰባል። ዕጩ በሚመረጥበት ቀን አሥሩ ሺህ ሰው የት ነው ያለው?

ከእኛ አገር ፓርቲዎች በአደረጃጀት ወደዚህ ሐሳብ የቀረበው በ2011 ዓ.ም. የተመሠረተው ኢዜማ ነው። መሠረቱን በየምርጫ ወረዳው አድርጎ ተነሳ። በ2014 ዓ.ም. ብርሃኑ ነጋና አንዱዓለም አራጌ ለመሪነት በአደባባይ ተወዳደሩ፤ ብርሃኑ አሸነፈ። ከፓርቲው ጋር ተስማሙ አትስማሙ የራሳችሁ ጉዳይ ነው። ተወዳድሮ መሸነፍ እንደሚቻል ማየት ግን ቀላል ነገር አይደለም። ገነት ይሆናል አልልም። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017 የጁቢሊ ፓርቲ የዕጩ ምርጫ የድምፅ መስጫ ወረቀት አልበቃ ብሎ በብዙ ቦታ ተሰርዞ እንደገና ተካሂዷል። ግርግር ነበር። ከታጠፈ ወረቀት ግን ግርግር ይሻላል።

የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ሰው ከሌላው የበለጠ የሚጎዳው ለምንድን ነው? የዚህ አካባቢ ሰው ሁልጊዜ የሚነገረው ከተወሰነ በኋላ ስለሆነ ነው። በ2006 ዓ.ም. የተቀናጀው ማስተር ፕላን ሲወጣ ማን ጠየቃችሁ? የአካባቢ ምክር ቤቶች ነበሩ። ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2005 ዓ.ም.፣ 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች ባልተሳተፉበት ምርጫ የተመረጡ። ገበሬው መሬቱ ሊሄድበት ሲል ከምክር ቤቱ የሰማው ድምፅ አልነበረም። ድምፁን ያገኘው መንገድ ላይ ነው። ኅዳር 2008 ከጊንጪ የተነሳው ተቃውሞ አገር አዳረሰ፤ ስንት ልጅ ወደቀ፤ ጥር ላይ ኦሕዴድ ዕቅዱን ትቼዋለሁ አለ። የ2010ሩ የአካባቢ ምርጫ ደግሞ ተራዘመ። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሌሎቹ ተጠቃልለው ሸገር ከተማ ሲባሉ ነዋሪው ድምፅ አልሰጠም። በዚያው ዓመት “ጨረቃ ቤት ነው” ተብሎ ቤት በግሬደር ሲፈርስ ከእነ ልጆቹ ሜዳ ላይ የቀረው ሰው ሮጦ የሚሄድበት እንደራሴ ነበረው ወይ? ስሙን የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ።

(ማንም እጁን አላወጣም።)

እንግዲያው ዝግጅት ማለት ይሄ ነው። ምርጫው ሲቃረብ መንቃት ዋጋ የለውም። የየትኛውም ፓርቲ አባል ከሆናችሁ፣ ዛሬውኑ የፓርቲያችሁን መተዳደሪያ ደንብ ጠይቁና “የምርጫ ክልላችን ዕጩ እንዴት ነው የሚመረጠው?” የሚለውን ገጽ ፈልጉ። ከሌለ በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል የተጠየቀ ነገር በሻይ ቡና ያልቃል። ድምፅ አሰጣጡ በምስጢር ይሁን በሉ፤ እጅ አውጥቶ መምረጥ ሰብሳቢን መፍራት ነው። አባል ያልሆናችሁ ደግሞ ዕጩ ሊቀሰቅስ ሲመጣ ስለ መንገድና ስለ መብራት ከመጠየቃችሁ በፊት “አንተን ማን መረጠህ? ስንት ሰው ነበር? ሌላ ማን ተወዳደረ?” በሉት። መልሱ ብዙ ይነግራችኋል።

መወዳደር ለምትፈልጉት አንድ ነገር ልጨምር፤ አንዳንዶቻችሁ ላትወዱት ትችላላችሁ። ሱሉልታ ላይ ቆሞ የገበሬውን ድምፅ የሚጠይቅ ሰው አፋን ኦሮሞ መቻል አለበት። ከአዲስ አበባ ኪራይ ሸሽቶ ዓለም ገና ቤት የተከራየውን ሰው ድምፅ የሚፈልግም በአማርኛ ሊያናግረው ይገባል። አንዱን ወገን ብቻ ይዞ መነሳት ቀላል ነው፤ ከላይ የሚወርዱት ዕጩዎችም የሚወዱት ይህንኑ ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ተገናኝተው ስለ አንዲት የውኃ ቧንቧ ካላወሩ ማንም አይጠይቃቸውምና።

“ታስረን ቢሆንስ?” ያለኝ ልጅ አለ፣ ቅድም በር ላይ። ቀልዱን ይሁን የምሩን አላወቅሁም። በ2013 ዓ.ም. እስክንድር ነጋና የባልደራስ ጓዶቹ እስር ቤት ሆነው ዕጩ እንመዝገብ አሉ፤ ቦርዱ አይሆንም አለ፤ ግንቦት ላይ የሰበር ችሎት ይመዝገቡ ብሎ ፈረደ፤ ምርጫው ሊደርስ ሳምንታት ሲቀሩ ወረቀት ላይ ገቡ። አላሸነፉም። ግን ገቡ።

መምህሩን ከጥቂት ወራት በፊት አግኝቼው ነበር። አሁንም የእድሩ ጸሐፊ ነው። የእድሩ ሊቀ መንበር እንዴት ነው የሚመረጠው ብዬ ጠየቅሁት። “ሦስት ሰው ይጠቆማል፣ ወረቀት ይታጠፋል፣ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ እዚያው ፊት ለፊት ይቆጠራል” አለኝ። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን።

ሰዓቴ አልቋል። ጥያቄ ካለ ከኋላ ካሉት እናት እንጀምር፤ ቅድም እጃቸውን አውጥተው ነበር።