የዘገባ ሰርቨር ልክ በመካነ ሰላም ደጋ



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥኩት ርእስ በየጊዜው ከሁላችንም ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ጥያቄ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የዘገባና የትንተና የመረጃ ቋት ለማቋቋም ሲነሣ፣ የበጀት ዓመቱ ሳይዘጋ ግዥው እንዲፈጸም ይጣደፍና ባለሙያውን «ምን ያህል ትልቅ ሰርቨር እንግዛ?» ሲል ይጠይቃል። መልሱ ብዙውን ጊዜ የሚገለበጠው ከሻጩ የዋጋ ማቅረቢያ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ልኩን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ከባዱ ዘገባ በሚፈለግበት ሰዓት መነበብ ያለበት የመረጃ መጠን፣ ሁለተኛው ደግሞ ሰርቨሩ የሚቆምበት ስፍራ።

ነገሩ ተጨባጭ እንዲሆን ወደ ደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ልውሰዳችሁ። የጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ለመደበኛ ዘገባ የሚሠራበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሥርዓት በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተገነባ ሲሆን፣ መረጃውን የሚያኖረው ፖስትግሬስ በተባለው የመረጃ ቋት ውስጥ ነው። የጤና ተቋማት የወሩን ሒሳብ የሚዘጉት ከወሩ 21 እስከ ተከታዩ ወር 20 ባለው ጊዜ ነው። በዚህም ምክንያት ሥራው በሠላሳው ቀን ላይ እኩል አይከፋፈልም። ሃያ ቀን ጸጥ ብሎ የከረመው ማሽን ከ21 በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት መግቢያ መውጫ ያጣል። ያን ጊዜ በመካነ ሰላም ወይም በአቀስታ ያለ የጤና ባለሙያ የመጀመሪያውን የፔንታቫለንት ክትባት ወስደው ሦስተኛውን ያልወሰዱ ሕፃናት በየትኛው ቀበሌ እንደበዙ ማወቅ ይፈልጋል። ዘገባው ዘግይቶ ቢደርሰው ክትባት ሰጪው ቡድን በሌላ አቅጣጫ ወጥቷል፤ ገደሉን ወርዶ ማዶውን ወጥቶ ለመመለስ ደግሞ ሌላ ወር መጠበቅ ግድ ይሆናል። ስለዚህ መለካት ያለብን የእነዚያን ቀናት ሰዓት ነው፤ የወሩ አማካይ ምንም አይነግረንም።

አሁን ወደ ስሌቱ እንለፍ። ቁጥሮቹን የወሰድኳቸው ለምሳሌ ያህል ነው። 150 ተቋማት በየወሩ 800 ቁጥር ቢያስገቡ፣ በ10 ዓመት ውስጥ 14,400,000 ረድፍ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ረድፍ ከነማውጫው 200 ባይት ብንይዝ ጠቅላላው ከ3 ጊጋባይት አይበልጥም። ሥርዓቱ ለትንተና የሚያዘጋጃቸው ሠንጠረዦች በዚህ ላይ ይጨመራሉ። እነዚህ ከጥሬው መረጃ ተገልብጠው፣ የተቋሙ፣ የወረዳውና የዞኑ መደብ በየረድፉ ተጽፎባቸው የሚሠሩ ስለሆኑ ጥሬውን በእጥፍ ቢበልጡት አይገርምም። እንግዲህ 10 ጊጋባይት እንበል። የአሥር ዓመት ታሪክ በሙሉ 32 ጊጋባይት ራም ባለው መጠነኛ ሰርቨር ውስጥ ገብቶ፣ ለመደርደርና ለማዋሐድ የሚበቃ ቦታም ይተርፋል ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ሳይሠሩ 512 ጊጋባይት ራም ያለው ሰርቨር እንዲገዛ ሐሳብ የሚያቀርቡ አሉ። ገንዘቡ የራሳቸው ቢሆን ኖሮ ሒሳቡን ይሠሩት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ራም ይህን ያህል ክብደት የሚሰጠው በዲስክ ጠባይ ምክንያት ነው። የሚሽከረከር ዲስክ ተራውን ጠብቆ ሲነበብ ደኅና ይሮጣል፤ ከዚህም ከዚያም እንዲለቅም ሲታዘዝ ግን በሰከንድ ከመቶ ብዙ የማይበልጥ ንባብ ነው የሚያደርሰው። አንድ ዘገባ 100,000 የተበታተነ ንባብ ቢጠይቅ 1,000 ሰከንድ፣ ማለትም ወደ 17 ደቂቃ ይፈጃል። ኤስኤስዲ ያንኑ በጥቂት ሰከንድ ይጨርሳል፤ መረጃው ቀድሞ በራም ውስጥ ከተገኘ ደግሞ ዲስኩ ጨርሶ አይነካም። የዲስኩን ስፋት ስንወስን የሌሊቱን ሥራ አንርሳ። አዲሱ የትንተና ሠንጠረዥ እስኪጠናቀቅ አሮጌው ስለማይጠፋ፣ ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ስለ ፕሮሰሰር ባጭሩ ልናገር። በደቂቃ 12 የዘገባ ጥያቄ ቢመጣና እያንዳንዱ 15 ሰከንድ ቢፈጅ፣ 180 ሰከንድ ሥራ በ60 ሰከንድ ውስጥ መሠራት አለበት፤ ይህም 3 ኮር ያለ ዕረፍት ይይዛል። ጥያቄዎች ተራ ጠብቀው አይመጡምና እጥፉን እንያዝ፤ 6 ወይም 8 ኮር ይበቃል። ፖስትግሬስ አንድን ጥያቄ ለብዙ ኮር ማከፋፈል የጀመረው በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣው 9.6 እትሙ ነው። ያም ሆኖ ሁሉም ጥያቄ የሚከፋፈል አይደለምና፣ ከብዙ ቀርፋፋ ኮር ይልቅ ጥቂት ፈጣን ኮር እመርጣለሁ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለአዋሽ ቆላም ይሠራል። ደጋው የራሱን ሒሳብ ይጠይቃል። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። የሰርቨሩ ማራገቢያ ያንኑ ያህል ቢዞርም ሙቀት የሚሸከምለት አየር ሳስቷል። አሽሬ በሚል ምኅፃር የሚታወቀው የአሜሪካ የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ኤ2 ለሚለው የሰርቨር ምድብ እስከ 35 ዲግሪ የሚደርስ የመግቢያ አየር ይፈቅዳል። ከ900 ሜትር በላይ ግን በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ እንዲቀነስ ያዛል። ለመካነ ሰላም ይህ ወደ 29 ዲግሪ ይወርዳል። «አገሩ ብርድ ነው፣ ማቀዝቀዣ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው የሌሊቱን ብርድ አስቦ ነው፤ በበጋ ቀትር ፀሐይ ያጋለው ቆርቆሮ ሥር፣ መስኮቱ ለአቧራ ሲባል በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ 29 ዲግሪ ማለፍ አያዳግትም።

የሚሽከረከር ዲስክም ከከፍታ ጋር የራሱ ጉዳይ አለው። አንባቢ ራሱ ከሰሌዳው ላይ የሚንሳፈፈው በቀጭን የአየር ትራስ ነው፤ ብዙዎቹ አምራቾችም ዋስትና የሚሰጡት እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። ከደሴ ወደ መካነ ሰላም በጉጉፍቱ በኩል የሄደ ሰው መንገዱ ከዚያ በላይ እንደሚወጣ ያውቃል። በእነዚያ ከፍተኛ ቦታዎች ለሚቆም ማሽን፣ የሚንሳፈፍ ራስ የሌለው ኤስኤስዲ ከፍጥነቱም ባሻገር ተመራጭ ነው።

ጄኔሬተርም ቢሆን የሚተነፍሰው ይህንኑ የሳሳ አየር ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በ300 ሜትር ከ3 በመቶ በላይ ጉልበት ስለሚያጣ፣ 5 ኪሎ ቮልት አምፔር የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ጄኔሬተር በመካነ ሰላም ከ3.5 ብዙ አይበልጥም። ዩፒኤሱንም ጄኔሬተሩ ተነሥቶ እስኪረጋ፣ ካልተነሣም ሰርቨሩ በሥርዓት እስኪዘጋ በሚያስፈልገው ጊዜ ለኩት። የትንተና ሠንጠረዥ በሚሠራበት ሌሊት መብራት ቢጠፋ ፖስትግሬስ ጥሬውን መረጃ ከመዝገቡ መልሶ ያቆመዋል፤ ሠንጠረዡ ግን እንደገና መሠራት አለበት፤ ጠዋት የሚጠብቀው ባለሙያም ባዶ እጁን ይቀራል።

በዚህ ስሌት ከትልቁ ሰርቨር የሚተርፈውን ገንዘብ የት እናውለው? እኔ ብጠየቅ ከሁሉ አስቀድሜ ከአካባቢው ውጭ ለሚቀመጥ ቅጂ እላለሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ በዞኑ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። ሁለት ዲስክ ጎን ለጎን አንዱን መረጃ ቢይዙ የአንዱን መበላሸት ይችላሉ፤ ክፍሉን ከነሰርቨሩ የሚወስድን እጅ ግን አይከለክሉም። በሳምንት አንድ ጊዜ ተጨምቆ ወደ ሌላ ከተማ የሚላክ 2 ወይም 3 ጊጋባይት ቅጂ ደካማ በሆነ መስመር እንኳ በአንድ ሌሊት ሊያልፍ ይችላል። መስመር ባይኖር ባለሙያው ወደ ደሴ ለስብሰባ ሲሄድ በኪሱ ይይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ቅጂው በእርግጥ ተከፍቶ እንደሚነበብ በየሦስት ወሩ በሌላ ማሽን ላይ መሞከር ነው።