እንቅልፍ ይዘገያል እንጂ አይቀርም

ከወልድያ ተነስቶ በጋሸናና በንፋስ መውጫ አድርጎ ደብረ ታቦር የሚገባ የጭነት መኪና የጉና ተራራን ግርጌ፣ ብርዱንና ጠመዝማዛውን ማለፍ አለበት። እዚያ የሹፌሩ ዓይን ለ4 ሰከንድ ብቻ ቢከደን፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከ60 ሜትር በላይ ያለ ነጂ ይጓዛል። ጫትና ቡና እንቅልፍን ያዘገዩታል እንጂ አያስቀሩትም።

መፍትሔው እረፍት ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ 4 ሰዓት ተኩል የነዳ ሹፌር 45 ደቂቃ እንዲያርፍ ያስገድዳል። «በምልልስ የሚከፈለው ሹፌር ከቆመ ምን ይበላል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ ግን ገደቡን መተው ሳይሆን ለእረፍቱም መክፈልና ጥበቃ ያለው ማቆሚያ ማዘጋጀት ነው። ጭነት ቢዘገይ ይደርሳል፤ የጠፋ ሕይወት ግን አይመለስም።