ከቤታችን ያለው ሽቶ ይበቃናል
(ከሬዲዮ ዝግጅታችን የተወሰደ ንግግር)

  

የዛሬው ርእሳችን ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ጉዳይ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ስለ ሽቶ ነው። ያውም ስለ ውዱ ሽቶ ሳይሆን በየገበያውና በየመስጂዱ በር ስለሚሸጠው፣ የቀን ሠራተኛውም ተማሪውም ሊገዛው ስለሚችለው ሽቶ ነው። ነገሩ ግን ትንሽ አይደለም። በአንዲት ትንሽ ጠርሙስ ሰበብ ሰው ሰውን ሲንቅ፣ የተናቀውም ከፊተኛው ሰፍ ወደ ኋላ ሲሸሽ አይቻለሁ። የናቀውም ሌላ ሰው አልነበረም፤ እኔው ራሴ ነበርኩ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዘመድ ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ ወደ ሰቆጣ ሄጄ ነበር። በዚያን ጊዜ ከጓደኞቼ ጋር የሽቶ ፍቅር ይዞን ነበር። ገንዘባችንን አጠራቅመን ውድ ሽቶ እንገዛለን፤ ከተለያየ ጠርሙስ ጠብታ ጠብታ እንለዋወጣለን፤ ስለ ሽታው ለሰዓታት እናወራለን። ይህ ባልከፋ ነበር። የከፋው ሌላ ነው። መንገድ ላይ ሰው ሲያልፍ ሽታውን አሽትተን «ይህ የሰፈር ሽቶ ነው»፣ «ይህ የሹፌር ሽቶ ነው» እያልን መሳሳቅ ልማድ ሆኖብን ነበር።

በሰቆጣ የሙስሊሙ ቁጥር ጥቂት ነው። በዋግ ኽምራ አብዛኛው ነዋሪ የኦርቶዶክስ ክርስትና ተከታይ ነው። በመሆኑም በጁምዓ ቀን መስጂድ የሚሰበሰበው ሰው እርስ በርሱ ይተዋወቃል፤ እንግዳም ቶሎ ይለያል። በዚያ ጁምዓ ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ተቀመጡ። ልብሳቸው አርጅቷል፤ ታጥቦ ግን ጸድቷል። ከኪሳቸው አፉ ላይ ኳስ ያላትን ትንሽ የዘይት ሽቶ ጠርሙስ አወጡ። የእጃቸውን አንጓ ቀባ ቀባ አደረጉና እንደ መስጂዶቻችን ልማድ ወደ እኔ ዘረጉልኝ። እኔ እጄን ሰበሰብኩ። «ይቅርብኝ አባባ፤ እንዲህ ያለው ሽቶ ራሴን ያመኛል» አልኳቸው። ከኋላችን የነበረ ወጣት ሳቀ። እሳቸው «እሺ ልጄ» ብለው ጠርሙሷን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

ራሴን አያመኝም ነበር። ዋሽቼ ነው።

በቀጣዩ ጁምዓ ሽማግሌው በሩ አጠገብ፣ በመጨረሻው ሰፍ ተቀምጠው አየኋቸው። ጠርሙሷን አላወጡም። ነገሩን ለአጎቴ ስነግረው አዘነብኝ። «ሰውዬው በጦርነቱ ጊዜ ከአበርገሌ በኩል ቤት ንብረታቸውን ጥለው የወጡ ናቸው። ቀድሞ ከቆላው እጣን እየገዙ ወደዚህ የሚያመጡ ነጋዴ ነበሩ። አሁን ያቺን ጠርሙስ ለጁምዓ ብቻ ነው የሚያወጧት» አለኝ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም በነበረው የሰሜኑ ጦርነት ከአበርገሌና ከጻግብጂ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሎ ወደ ሰቆጣና አካባቢዋ እንደመጣ ታስታውሳላችሁ። እኒህ ሽማግሌም ከነዚያ አንዱ ነበሩ።

ዲናችን ስለ ሽቶ ምን ይላል?

ወንድሞችና እህቶች፣ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) መልካም ሽታ ይወዱ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። አነስ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉትና ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ ነብያችን ሽቶ ሲሰጣቸው አይመልሱም ነበር። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ጥሩ መዓዛ ያለው ተክል የቀረበለት ሰው እንዳይመልስ አሳስበዋል። ምክንያቱንም ሲገልጹ ለመሸከም ቀላል፣ ሽታውም መልካም እንደሆነ ነግረውናል። እዚህ ላይ ስለ ዋጋ የተነሣ ነገር የለም። እኔ ግን የተዘረጋልኝን መለስኩ።

ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት የጁምዓ ሐዲስ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነው። በዚያ ሐዲስ ሰው ለጁምዓ እንዲታጠብ፣ በሚችለው መጠን እንዲጸዳ፣ ቅባት ወይም ከቤቱ ካለው ሽቶ እንዲቀባ ተነግሮታል። ልብ በሉ፤ የተባለው ከቤቱ ካለው ነው። ከሌላ አገር ያስመጣ፣ ተበድሮ ይግዛ አልተባለም። በዚሁ ሐዲስ ውስጥ መስጂድ የገባ ሰው በሁለት ሰዎች መካከል ገብቶ እንዳይለያያቸው ተነግሯል። በሽቶ ሰበብ አንድን ሽማግሌ ከሰፍ ያራቀ ሰው ከዚህ አደብ ምን ያህል እንደራቀ ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ።

«እንግዲያው ውድ ሽቶ መቀባት ኩራት ነው ማለት ነው?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ አንድ ሰው ልብሱና ጫማው ያማረ እንዲሆን መውደዱ ኩራት ይሆንበት እንደሆነ ጠይቆ ነበር። ነብያችን አላህ ውብ እንደሆነና ውበትን እንደሚወድ፣ ኩራት ማለት ግን እውነትን አልቀበልም ማለትና ሰውን መናቅ እንደሆነ አስረድተውታል። ስለዚህ አላህ የሰጠው ሰው ውድ ሽቶ ቢቀባ ነውር የለበትም። ነውሩ ያለው አፍንጫን በሰው ላይ መንፋት ላይ ነው።

«ርካሽ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ቋንቋችን ራሱ እዚህ ላይ ያሳስተናል። «ርካሽ ዕቃ» ስንል ዋጋው ዝቅ ያለ ማለታችን ነው። «ርካሽ ሰው» ስንል ግን መስደባችን ነው። ሁለቱን ቀላቅለን ዋጋው የቀነሰውን ሁሉ የተናቀ አድርገን እናየዋለን።

ታሪክ ግን ሌላ ያስተምረናል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖሩት ታላቁ ሊቅ አል-ኪንዲ ስለ ሽቶ አሠራር አንድ መጽሐፍ ጽፈዋል። ከመቶ በላይ የአሠራር መመሪያዎች አሉበት። ከእነዚህም መካከል እንደ ሚስክ ያሉ ውድ ነገሮችን በርካሽ ነገር እንዴት መተካት እንደሚቻል የሚያሳዩ ይገኛሉ። ያን ያህል ሊቅ ለድሃው የሚሆን ሽቶ ማሰብን አልናቁትም።

በ1888 እ.ኤ.አ. ደግሞ አልበርት ባውር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ፈንጂ ለመሥራት ሲሞክር የሚስክ ሽታ ያለው ነገር አገኘ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሠራሽ ሚስክ እየተስፋፋ መጣ። ቀድሞ ከአጋዘን መሰሉ እንስሳ ዕጢ እየወጣ በወርቅ ዋጋ ይሸጥ የነበረው ሽታ ዛሬ በሳሙናችን ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። በሳዑዲ ዐረቢያ የሚሠሩት እንደ አር-ረሓብ ያሉ ባለ 6 ሚሊ ሊትር የዘይት ሽቶዎች በትንሽ ገንዘብ ሊገዙ የቻሉት እንዲህ ባለው እውቀት ነው።

«ሰው ሠራሽ ነውና አይረባም» የሚለውም አያስኬድም። በ1921 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበውና በዓለም ስመ ጥር የሆነው ሻኔል ቁጥር 5 ዝናን ያተረፈው ከተፈጥሮ አበቦች በተጨማሪ በቤተ ሙከራ በተሠሩ ነገሮች ነው። በዚያ ሽቶ ውስጥ ይገባ የነበረው የተፈጥሮ ዝባድም ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰው ሠራሽ ተተክቷል። ዝባዱ ከየት ይሄድ እንደነበር ታውቃላችሁ? ኢትዮጵያ ለዓለም ገበያ ዋነኛዋ አቅራቢ ነበረች። በጅማና በሊሙ አካባቢ ሙስሊም ገበሬዎች ጥርኝ ከዱር ይዘው እያኖሩ ዝባዱን በቀንድ ሞልተው ለነጋዴ ይሸጡ ነበር። የፓሪስ ሀብታም የተቀባው ሽቶ ከጅማ ገበሬ ጎጆ የተነሣ ነበር ማለት ነው።

የዋግ ቆላ እጣን

ሩቅ ሳንሄድ ወደዚያው ወደ ሰቆጣ እንመለስ። ሰቆጣ ጥንት ከአፋር የሚመጣው አሞሌ ጨው የሚገበያይባት ከተማ ነበረች። ከደጋው ወደ ተከዜ ሸለቆ ሲወረድ፣ በአበርገሌና በዝቋላ ቆላ የእጣን ዛፍ ይበቅላል። በበጋ ወራት ሠራተኞች የዛፉን ቅርፊት በስለት ስስ አድርገው ያነሡታል። ከቁስሉ እንደ ወተት የነጣ ፈሳሽ ይወጣና ይደርቃል። ከቀናት በኋላ ተመልሰው የደረቀውን ይለቅማሉ፤ ቁስሉንም ያድሳሉ። በጠራራ ፀሐይ ድንጋያማ ተራራ ላይ የሚሠራ ከባድ ሥራ ነው።

የተለቀመው እጣን በትልቅነቱና በንጣቱ ይለያል። ነጩና ትልልቁ በአብዛኛው ወደ ውጭ አገር ይላካል። ደቃቁና የጠቆረው እዚሁ ይቀራል፤ በቡና ሥርዓታችን ላይ ይጨሳል፣ በየገበያው በስኒ እየተሰፈረ ይሸጣል። ሁለቱም ግን የአንድ ዛፍ ልጆች ናቸው። ያው እጣን በክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ቤተ ክርስቲያን ይጨሳል፤ በእኛም ቤት በጁምዓና በዒድ ይጨሳል። በውጭ አገር ደግሞ የእጣን ዘይት በብዙ ውድ ሽቶዎች ውስጥ ይገባል።

ይህን ካወቅሁ በኋላ አዲስ አበባ ስመለስ የምኮራበትን ውድ ሽቶ ካርቶን አንሥቼ አነበብኩ። በሽታው ዝርዝር ውስጥ እጣን ተጽፎ አገኘሁ። በየትኛው አገር ዛፍ ላይ እንደተለቀመ አላውቅም። ነገር ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ እጣን ሲሸከሙ በኖሩ ሰው ላይ፣ እኔ እጣን ተቀብቼ መኩራቴ አሳፈረኝ።

ዛፉም አደጋ ላይ መሆኑን ሳልናገር አላልፍም። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ አዳዲስ ችግኞች እየበቀሉ ስላልሆነ የዚህ ዓይነቱ እጣን ምርት በ20 ዓመታት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ከመጠን ያለፈ መቁረጥ፣ ግጦሽና ቃጠሎ ተደራርበውበታል። ርካሽ ነው ብለን የናቅነው ነገር ሲጠፋ ውድ እንደነበር ይገባናል።

ለአጠቃቀም የሚረዱ ጥቂት ምክሮች

አንደኛ፣ ሽቶ የውሃ ምትክ አይደለም። ላብ ባለበት ገላ ላይ የተቀባ ሽቶ፣ ውዱም ቢሆን፣ ሽታው ይበላሻል። በዋግ እናቶች ውሃ ከሩቅ እንደሚቀዱ እናውቃለን፤ ቢሆንም በአንድ ጣሳ ውሃ ብብትን መታጠብ ከአንድ ብልቃጥ ሽቶ ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ የዘይት ሽቶ ወፍራም ነውና ትንሽ ይበቃዋል። በእጅ አንጓና ከጆሮ ጀርባ ነካ ማድረግ በቂ ነው። ነጭ ልብስ ላይ ግን ምልክት ይተዋል። በሞቃት ቆላ ሽታው ይጎላል፤ በደጋ ብርድ ይደክማል። ስለዚህ እንደ አየሩ መጠኑን ማስተካከል ያሻል።

ሦስተኛ፣ በገዛችሁበት ቅጽበት አትፍረዱ። መጀመሪያ የሚሸተውና ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚቀረው የተለያየ ነው። ቆዳን የሚያሳክክ ወይም የሚያቀላ ከሆነ ተዉት። ጠርሙሱንም ከፀሐይ አርቁት።

አራተኛ፣ ርካሽና ሐሰተኛ አንድ አይደሉም። በራሱ ስም የሚሸጥ ርካሽ ሽቶ ሐቀኛ ንግድ ነው። የታዋቂ ኩባንያ ስም ተለጥፎበት የሚሸጥ ግን ማታለል ነው፤ ማታለልን ደግሞ ዲናችን ይከለክላል።

አምስተኛ፣ አልኮል ስላለበት ሽቶ ዑለማእ የተለያየ አስተያየት አላቸው። ልቡ የተጠራጠረ ሰው የዘይቱን ቢመርጥ ያርፋል። እህቶቻችንም ከቤት ሲወጡ ስለ ሽቶ የተቀመጠውን አደብ እንዲያስታውሱ አደራ እንላለን።

ስድስተኛ፣ የሰው ሽቶ በእርግጥ የሚያማችሁ ከሆነ በለሆሳስ ቦታ ቀይሩ እንጂ ሰውን አታሳፍሩ።

ውድ አድማጮች፣ ታሪኩን ልጨርስላችሁ። በሦስተኛው ጁምዓ በጊዜ ሄጄ በሩ አጠገብ ከሽማግሌው ጎን ተቀመጥኩ። ሰላምታ ሰጠኋቸውና እጄን ዘርግቼ «አባባ፣ ከሽቶዎ ይስጡኝ» አልኳቸው። ትኩር ብለው አዩኝ።

«ራስህን አያምህም?» አሉኝ።

«ዋሽቼዎት ነበር። ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ጠርሙሷን አውጥተው እጄን ያዙና አንጓዬን ቀቡኝ። «አላህ ለሁላችንም ይማረን» አሉ። ኢማሙ ሰፍ እንዲስተካከል ሲያዝዙ አብረን ተነሥተን ወደ ፊት ሄድን። ሽታው እስከ ማታ ከእጄ አልጠፋም።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጁምዓ ሰው ጠርሙሱን ወደ እናንተ ሲዘረጋ እጃችሁን አትሰብስቡ። በቤታችሁ ያለውም ጥቂት ቢሆን አትፈሩበት፤ ተቀብታችሁ ኑ፤ ከጎናችሁ ላለውም አካፍሉ። አላህ ልባችንን ከኩራት ያጽዳልን፤ የተፈናቀሉትን ወደ ቀያቸው ይመልስልን፤ ለዋግ ምድርም ዝናቡን ያውርድልን። አሚን።